ለጥንቸል «በሞቴ» አይባልም

እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ እኛ ሰው ማዕድ ላይ ተቀምጦ እጁን ሲሰበስብ ዝም ብለን ማየት አንችልም። ጠግቤያለሁ ቢል አናምነውም። ሆዱን እያሻሸ ቢምል ጭራሽ ይብስብናል። «በሞቴ!» እንለዋለን። እሱ አልበቃ ሲለን «አፈር ስሆን!» እንጨምርበታለን። ለአንዲት ጉርሻ ሲባል በየቤቱ ስንት ሰው ሞቶ አፈር እንደሚሆን አስባችሁት ታውቃላችሁ? ከዚያ እንግዳው ላብ በላብ ሆኖ፣ ግድግዳ ተደግፎ ሲነሳ፣ ደህና አድርገን አስተናገድነው ብለን ደስ ይለናል።

በጃንሆይ ጊዜ ነቀምቴ ስልክ ቤት እሠራ ነበር። ሥራዬ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ፣ ገመድ ካንዱ ቀዳዳ እየነቀልኩ ሌላው ላይ እየሰካሁ ሰውን ከሰው ማገናኘት ነው። ጉርሜሳ የሚባል መስመር ጠጋኝ ነበረን። ዝናብ በመጣ ቁጥር በሲሬና በአኖ መካከል ሽቦ ይበጠሳል፤ ጉርሜሳም ቀበቶውን ትከሻው ላይ ጥሎ ይሄዳል። አንድ ቀን በጠዋት ወጥቶ መስመሩ ሳይከፈት መሸ። በማግስቱ ሲጠየቅ፣ ብልሽቱ የደቂቃ ሥራ ነበር አለ። ያስቸገረው እዚያ እስኪደርስ ያለው መንገድ ነው። ባለፈበት ደጅ ሁሉ ግባ ይሉታል። አንዷ በቅቤ የታሸ ጩኮ ታቀርባለች፣ ሌላዋ እርጎ ትቀዳለች፣ ሦስተኛዋ እነዚያን ቀምሰህ የእኔን ልትንቅ ነው ወይ ብላ ታኮርፋለች። የስልክ እንጨቱ ሥር ሲደርስ ቀበቶው ወገቡ ላይ አልገጥም አለው። እዚያው ጥላ ሥር ጋደም ብሎ ሆዱ እስኪጎድል ጠበቀ፤ ሀገር በሙሉ ሃሎ ሃሎ እያለ።

ይህን ያነሳሁት ጉርሜሳን ለማማት አይደለም። ስለ ጥንቸል ላወራችሁ ፈልጌ ነው።

ቤታችን በከኒሳ ቀሴ በኩል ነበር። ባለቤቴ ቀነኒ የሲሬ ልጅ ናት፤ የትንንሽ ልጆች አስተማሪ። ያደገችው በወንጌላውያን ቤት ነው። እኔ ደግሞ የቡልጋ ሰው ነኝ፤ ገና ዳዴ ስል ጀምሮ እናቴ የማርያም ማኅበር በጀርባዋ አዝላ የወሰደችኝ። እንዴት ተገናኛችሁ እንደምትሉ አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ስልክ አገናኝቶን ይመስለዋል። ያገናኘን ዝናብ ነው፤ ገበያ መሐል አንድ ቆርቆሮ ሥር ተጠለልን፣ ዝናቡም የነቀምቴ ዝናብ ስለሆነ ቶሎ አላባራም።

ጥንቸሏ የመጣችው ከአንዲት የውጭ አገር ነርስ ነው። ነርሷ ወደ አገሯ ስትመለስ ዕቃዋን ሸጠች፣ ውሻዋን ለዘበኛዋ ሰጠች፣ ጥንቸሏን ደግሞ በገዛ ሹራቧ ጠቅልላ ለቀነኒ አስታቀፈቻት። ሹራቡን አብሯት አስቀምጪው፣ ጠረኔን እያሸተተች ቤትሽን ትለምዳለች አለቻት። ሌላም አንድ ማስጠንቀቂያ ነገረቻት፤ ጥንቸል ሆዷ ሥራ መፍታት የለበትም፣ ቀኑን ሙሉ ሳትበላ ከዋለች አደጋ ነው አለች። ከዚያ ነርሷ አልቅሳ ሄደች።

ነጭ ናት፤ ጆሮዋ ሮዝ። ቀነኒ ጊፍቲ አለቻት፤ በኦሮምኛ እመቤት ማለት ነው። ስሙን በኋላ ነው ያወጣችላት እንጂ ጠባዩ ቀድሞም ነበረ። የጠወለገ ጎመን አትነካም። በሶብላ ካላሸተተች ቀኗ አይጀመርም። ለሷ የተሠራላት ሳጥን የእኛን አልጋ ያስንቃል። ጎረቤቶቻችን መጥተው ቆመው ያዩዋትና ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ይጠይቃሉ። አትታለብ፣ እንቁላል አትጥል፣ ሥጋዋ አይበላ፣ ሌባ አትጠብቅ፤ ታዲያ ምን ትሠራላችኋለች? ቀነኒ፣ ደስ ትለኛለች ብላ ትመልሳለች። ጎረቤቶቹም ልጅ እስኪሰጣቸው ነው እየተባባሉ በሐዘኔታ ይሄዳሉ።

እንዲህ ሆነን ስንኖር እማዬ መጣች።

አባቴ ካረፉ በኋላ ቡልጋ ያለውን ቤቷን አንድ ክረምት ጥሎባት ነበር። መሬቱን ለወንድሟ ልጅ ትታ፣ ከእንግዲህ ከልጄ ጋር እኖራለሁ ብላ ነው የተነሳችው። ጥምቀት እንዳለፈ አውቶቡሱ የአምቦን፣ የባኮን፣ የአኖንና የሲሬን አቧራ ሰብስቦ ነቀምቴ ሲገባ፣ አንድ ጊዜ ነጭ የነበረ ጋቢ ለብሳ ወረደች። ባንድ እጇ ጃንጥላ፣ በሌላው ስልቻ። ስልቻውን ልያዝልሽ ብላት እምቢ አለች። ለካ ውስጡ በሶና ቆሎ ነው፤ ለክፉ ቀን ተብሎ የተቋጠረ።

ክፉው ቀን ወዲያው ደረሰ። ቀነኒ ለአማቷ ክብር ስትል ከንጋት ጀምራ ጉድ ጉድ ስትል ነበር። አንጮቴ ቀቅላለች፤ ወለጋ ውስጥ የተከበረ እንግዳ የሚቀርብለት ሥራ ሥር ነው። ቅቤው ላዩ ላይ ኩሬ ሠርቷል። ዶሮም ተሠርቷል። የእማዬን እግር በሙቅ ውሃ አጠበች፣ ጉልበቷን ሳመች፣ የራሳችንን አልጋ አንጥፋ አሳየቻት። «ማሎ አዮ፣ ይብሉልኝ» አለች። እዚያ አገር እናት አዮ ትባላለች፤ ማሎ ደግሞ እባክዎ እንደ ማለት ነው።

ቀኑ ረቡዕ ነበር።

እኔ ምን ነክቶኝ አላስታወስኩም? ምን ልበላችሁ፤ ከቀነኒ ጋር ስኖር ረቡዕና ሐሙስ አንድ መልክ ይዘውብኛል። እማዬ ቅቤውን አየች። ዶሮውን አየች። ከዚያ ዓይኗ በጓሮ በር አልፎ ሳጥኗ ውስጥ የምታመነዥከውን ጊፍቲን አገኛት።

«ያቺስ ለነገ ናት?» አለች።

አንበላትም፣ የቤት እንስሳ ናት፣ ስም አላት ብዬ ማልኩ። ስም አላት ማለቴ ነገሩን ይበልጥ አበላሸው። በማግስቱ ሐሙስ ነው፣ ጾም የለም፤ እማዬ ግን አሁንም አትቀምስም። ያ ድስት ምን እንደተሠራበት አታውቅማ! ቀነኒ ሰሃን ይዛ ፊቷ ትቆማለች፤ ማሎ አዮ ትላለች። እኔ ከጎን በሞቴ እላለሁ። እኛ በለመንን ቁጥር እማዬ ነጠላዋን ወደ አፏ ትስባለች። ያንን ትልቅ አልጋ ጫፉ ላይ ብቻ ነው የምትቀመጥበት፤ ልክ የሐኪም ቤት ወረፋ እንደምትጠብቅ። ሳህኑን ይዘን ስንወጣ ደግሞ ከበስተጀርባችን ቆሎ ሲቆረጠም እንሰማለን። በዚያው ሰሞን፣ ሑዳዴ ሳይገባ አገሬ እመለሳለሁ ማለት ጀመረች። የትኛው አገር? የሚመለሱበት ቤት ፈርሷል። የሚጠብቃት የሰው ቤት ጥግ ነው። እኔም አውቀዋለሁ፣ ቀነኒም ታውቀዋለች፤ እማዬም ታውቀዋለች።

የቀነኒ አባት ኦቦ ዲንሳ ልጃቸው አማት እንደመጣችላት ሰምተው ከሲሬ ሊጠይቁን መጡ። ባዶ እጅ መምጣት አይሆንላቸውም። ለእማዬ ማር ያዙ። ለልጃቸው ደግሞ፣ ጊፍቲ ብቻዋን መሆኗ ሲያሳዝናቸው ኖሮ፣ በሽንኩርት ቅርጫት ውስጥ ሌላ ጥንቸል ይዘው መጡ። ቡናማ፣ ወጣት፣ አንድ ጆሮዋ ዘንበል ያለ። አውቶቡሱ ላይ ሲሬ ድረስ የሚሰማ ሳቅ ተስቆባቸዋል መሰለኝ፤ እሳቸው ግን ኮራ ብለው ነው ያስረከቡን። ቀነኒ ኬሱማ አለቻት። ኬሱማ እንግዳ ማለት ነው።

እንግዳ ደግሞ እኛ ቤት ምን እንደሚደረግለት አይታችኋል።

ጊፍቲን ከሳጥኗ አወጣንና ቅርጫቱ ውስጥ ከተትናት። ኬሱማን ሳጥኑ ውስጥ አስገባናት። የነርሷን ሹራብ አነጠፍንላት። የወንዝ ዳር ሰርዶ፣ ምርጥ ምርጡን ጎመን፣ በሶብላውን ሳይቀር መጀመሪያ ለሷ አቀረብን፤ የተረፈውን ለባለቤቲቱ። ኦቦ ዲንሳ መስተንግዶውን አይተው ረኩ። እንዲህ ነው የኔ ልጅ አሉ። ከዚያም ይተዋወቁ ብለን ጊፍቲን አንስተን ሳጥኑ ውስጥ ጨመርናት።

ጠጉር በረረ። ያቺ ጨዋ እመቤት በኋላ እግሯ ስትመታ፣ በጥርሷ ስትነጭ፣ ኬሱማ ስትጮኽ! ጥንቸል እንደምትጮኽ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ኦቦ ዲንሳ እጃቸውን ሰደው ሲገላግሉ ተነከሱ። እዚህ አገር ስንት ጠብ ያበረዱ ሽማግሌ ናቸው፤ በሽምግልና ላይ ግን ተነክሰው አያውቁም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ጥንቸሎች አኮረፉ። ጊፍቲ ቅርጫቷ ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታን ተኮማትራ ተቀመጠች። ጎመን አልነካችም፣ በሶብላውን አላሸተተችም። ኬሱማም ያንን ሁሉ ግብር ተከባ ትንቀጠቀጣለች እንጂ ቅጠል አልቆረጠችም። መሸ፣ ነጋ፤ ሁለቱም እንደዚያው። ከሥራቸው ያቺ ጥቁር ፍሬ የመሰለች በጠጣቸው እንኳ ጠፋች። ቀነኒ የነርሷን ቃል አስታውሳ ማልቀስ ጀመረች። ጊፍቲም ብትሞት፣ አዮም ቢሄዱብኝ፣ ሁለቱንም ያስከፋኋቸው በእጄ ነው አለችኝ። እሷም ያን ቀን ምሳዋን ተወችው።

እንግዲህ አስቡት። ቤቱ ውስጥ አራት እንስቶች አሉ፤ ሁለት ሰው፣ ሁለት ጥንቸል። አራቱም አይበሉም። ምግብ መድፋት ደግሞ ነውር ነው። የእማዬን ድርሻ በላሁ፣ የቀነኒን በላሁ፣ የራሴንም አላስቀረሁም። በሐዘን መሐል ሱሪዬ ጠበበኝ።

ሥራ ቦታ ስደርስ በመስመሩ ላይ ላሉት ባልንጀሮቼ ነገሬን ዘረገፍኩ። የሲሬው አገናኝ፣ አሞሌ አስልሳት አለ። የባኮው፣ በቆሎ ነው የሚያዋጣው አለ። የአዲስ አበባዋ ልጅ፣ ጋሼ ደህና ነዎት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ጉርሜሳ ለካ አንድ እንጨት ላይ ተሰቅሎ መስመር እየሞከረ ኖሮ መሐል ገባብን። «ተዋቸው!» አለ። «በግድ ሲያበሉህ ምን እንደሚሰማህ እኔን ጠይቀኝ!» እንጨት ላይ ያለ ሰው ምክር ማን ይሰማል? ገመዱን ነቀልኩበት።

ቤት እንደገባሁ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ቅርጫቱ ፊት ተንበረከክሁ። ጎመኑን በጣቴ ጠቅልዬ፣ ጉርሻ አሳምሬ ወደ አፏ አስጠጋሁ። «በሞቴ ጊፍቲ» አልኩ። ዞረችብኝ። ዞሬ ባፏ በኩል መጣሁ። «አፈር ስሆን! ይቺን ብቻ!» እንደገና ዞረችብኝ። እንዲህ ቅርጫቱን ስንዞር ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ተነስ ከዚያ!» አለችኝ። «ፊቷ ላይ ተገትረህ ነው የምትበላልህ? መጀመሪያ ቤቷን ለመጣው ሰጣችሁባት። አሁን ደግሞ ብዪ ትሏታላችሁ። ያቺኛዋስ ብትሆን? የሰው አልጋ ላይ አውጥታችሁ አስቀምጣችኋት እህል ይዋጥላታል?»

ጉርሻዬን ይዤ ተነሳሁ። የወጥ ቤቱ በር ላይ ደግሞ ቀነኒ ሰሃን ይዛ ቆማለች፤ ሁሉንም ሰምታለች። ሰሃኑን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችና ገባች።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቤታችን ተለወጠ። ጊፍቲ ሳጥኗንና ሹራቧን መልሳ አገኘች። ለኬሱማ የሳሙና ሳጥን ተፈልጎ የራሷ ቤት ተሠራላት፤ ጎን ለጎን፣ መሐላቸው የዶሮ ሽቦ ተወጥሮ። ሁለቱም የሚያውቁት ሣር፣ አንድ ዓይነት ጎመን፣ በአንድ ሰዓት፣ ከሽቦው ግራና ቀኝ ይቀመጥላቸዋል፤ ለማንም ሳይቀድም። ካስቀመጡ በኋላ ዞር ነው። ቀነኒ ደግሞ የሹራቡን ነገር አስታውሳ፣ ከየሥራቸው የተነጠፈውን ቁራጭ ጆንያ ጠዋት ጠዋት ታለዋውጠዋለች። አንዷ በሌላዋ ጠረን ላይ እየተኛች ትለምዳለች ብላ ነው።

የሚገርማችሁ፣ አልጋችንም ተመለሰልን። ለእማዬ በማጀቱ በኩል ያለችው ትንሽ ክፍል ጸድታ ተሰጠቻት። ቀነኒ ገበያ ወጥታ አዲስ የሸክላ ድስት ገዝታ፣ ሳታሟሽ ሳትነካው፣ ከነገለባው እማዬ ደጅ አስቀመጠችላት። ማሎ የለ፣ በሞቴ የለ። አስቀመጠች፣ ዞር አለች። እማዬ ድስቱን በጣቷ ቆርቆር አድርጋ ድምፁን ሰማችና አስገባችው።

ጊፍቲ ግን አሁንም አልበላችም። እማዬ በርጩማዋን ይዛ ሳጥኑ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች። ማንም ወደዚህ እንዳይመጣ ብላ አዘዘችን። በማጀቱ ቀዳዳ ሳይ፣ ለጊፍቲ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ፀሐይ አዙራ ቆሎዋን ትቆረጥማለች። ቀርጠፍ፣ ቀርጠፍ። አንድ ሮዝ ጆሮ ቀና አለ። እማዬ አላየችም፤ ወይም አላየሁም ብላለች። ቀርጠፍ። ጊፍቲ አንዲት ሰርዶ ሳበች። ሽቦው ማዶ ደግሞ ኬሱማ ይህን አይታ አንገቷን ዘረጋች። እማዬ ቆሎውን ስታቆም እነሱም ያቆማሉ፤ ስትቀጥል ይቀጥላሉ። እውነት እላችኋለሁ፣ እኔ ያን ቀን አለቀስኩ። ቀነኒ ደግሞ በእጇ አፏን ይዛ ከኋላዬ ትስቅ ነበር።

በዚህ ዓይነት ቆሎው አለቀ። ከቡልጋ የመጣው ስልቻ ተራገፈ። ጥንቸሎቹ ሰው ሳይቆረጥም መብላት ገና አልለመዱም፤ እማዬም ተጨንቃ ስልቻውን ትገለብጣለች። በማግስቱ በርጩማዋ ላይ አንድ ሳህን ትኩስ ቆሎ ተቀምጦ አገኘች፤ ገብስና ሽምብራ፣ ሱፍ ጣል የተደረገበት። ያስቀመጠው ሰው በአካባቢው የለም። እማዬ ግራ ቀኝ አየች። ጥንቸሎቹ ይጠብቃሉ። ምን ታድርግ? ቁጭ አለችና ቆረጠመች። ከቀነኒ እጅ የወጣ እህል ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰችው እንደዚያ ነው፤ ለነፍስ ስትል።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ በራሱ ሄደ። ረቡዕና ዓርብ ቅቤ ከቤታችን ጠፋ፤ ማንም ስለሱ አልተናገረም። አንድ ብርዳም ጠዋት እማዬ የቀነኒን ሹራብ ደርባ፣ ቀነኒ የእማዬን ጋቢ ተከናንባ ጓሮ ቆመው አየኋቸው። ሁለቱም የጎመን ቅጠል ይመርጣሉ። ጥንቸሎቹም በሽቦው ቀዳዳ አፍንጫ ለአፍንጫ መነካካት ጀመሩ። አሁን ይገናኙ ተባለ። ግን የት? የጊፍቲ ቦታ አይሆንም፣ የኬሱማም አይሆንም። የማንም ያልሆነ ቦታ መፈለግ አለበት አሉ። ሁለቱ ሴቶች ቤቱን ሲዞሩ ቆዩና የእኔን ክፍል መረጡ።

ሬዲዮኔን የማዳምጥባት፣ ከሥራ ስመለስ ጋደም የምልባት ትንሽ ክፍል ነበረችኝ። የማንም አይደለችም ተባለ። ተቃወምኩ፤ ማን ሰማኝ? ጥንቸሎቹ እዚያ መሬት ላይ ተለቀቁ። ተሸታተቱ፣ ተዟዟሩ፣ ጊፍቲ አንዴ አጉረመረመች። ከዚያ ሬዲዮኔ ሥር ጎን ለጎን ተጋድመው የሽቦውን ልባስ መብላት ጀመሩ። እማዬና ቀነኒ ተቃቀፉ። ሬዲዮው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልተናገረም።

ሑዳዴ ገባ፤ እማዬ አልሄደችም። ፋሲካ ሆነ፤ አልሄደችም።

አንድ ቀን ቀነኒ ብቻችንን ስንሆን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አጫወተችኝ። አዮን እንዴት እንዳለማመድኳቸው አየህ? አለችኝ። ልክ እንደ ኬሱማ ነው። የራሳቸውን ቤት ሰጠኋቸው፣ ምግቡን አስቀምጬ ዞር አልኩ፣ ጋቢ ለሹራብ ተለዋወጥን። ብቻ እንዳትነግራቸው፣ ከጥንቸል ጋር አስተያየችኝ ብለው ይቀየሙኛል።

ብዙም ሳይቆይ እማዬ ቤተ ክርስቲያን ስሸኛት መንገድ ላይ ቆም አለች። ሚስትህን አየሃት? አለችኝ። ያኔ ስመጣ ተኮማትራ እህል አልበላ ያለችውን? ቀስ ብዬ ነው ያመጣኋት፤ አልተጫንኳት፣ አላፈጠጥኩባት፣ አጠገቧ ሆኜ ቀርጠፍ ቀርጠፍ ሳደርግ ምግቧ ተከፈተላት። እንደ ጊፍቲ ነው የያዝኳት። እንዳትነግራት ታዲያ፣ ልጅ ናት፣ ይከፋታል።

ስልክ ቤት የሠራ ሰው የሁለቱንም ወገን ጨዋታ ሰምቶ ዝም ማለት ያውቃል። ዝም አልኩ። በልቤ ግን ሳቅሁ። ሁለቱም ሌላዋን ጥንቸል አድርገው እንደያዙ እኔ ብቻ ነኛ የማውቀው! በዚያ ቤት ውስጥ ነገር የገባኝ ብቸኛው ሰው እኔ ነኝ ብዬ ተጎማለልኩ።

በዓመቱ ቀነኒ ወንድ ልጅ ወለደች።

ደስታዬን አልደብቃችሁም፤ ሲሬም ባኮም አዲስ አበባም በሽቦ ሰምተውታል። ቤቱ ግን የአራስ ቤት ሆነ። ወንድ አይገባም። አልጋው የቀነኒና የልጁ ሆነ፣ እማዬ ከጎናቸው አነጠፈች፣ እኔ ወደ ትንሿ ክፍሌ ተላክሁ፤ ጥንቸሎቹ ጋ። ጎረቤት በገንፎ ይገባል፣ በእልልታ ይወጣል። ልጁ አባቱን መሰለ ይባላል፤ አባቱ የት እንዳለ ግን የሚጠይቅ የለም። የሦስት ሰው ድርሻ ስበላ የኖርኩት ሰውዬ ድንገት ምግብ አስጠላኝ። ምሳዬ ይመጣል፣ እንደመጣ ይመለሳል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የምጠብቀው ነገር ነበር። አንድ ሰው በሞቴ ይለኛል ብዬ ነው። አንድ አፈር ስሆን ባገኝ ደስ ብሎኝ እበላ ነበር። ማንም አላለኝም። ሳህኑን በሩ አጠገብ ያስቀምጡና ይሄዳሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ገብቼ፣ አኩርፌ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ጋደም ልል ስል ጉንጬ ሥር አንድ ለስላሳ ነገር ነካኝ። አንስቼ አየሁት። የልጁ መጠቅለያ ነው። ቅቤ ቅቤ፣ ወተት ወተት ይሸታል። ማን ትራሴ ላይ አስቀመጠው? ቀና ስል፣ ከጠዋት ጀምሮ የምፈልገው የሥራ ካፖርቴ ከተሰቀለበት የለም። የበሩ ቀዳዳ ላይ ዓይኔን አደረግሁ። ማዶ አራስ ቤት ውስጥ ልጄ ካፖርቴ ላይ ተኝቷል። በበሩ ሥር ደግሞ ሁለት ጥንድ እግር ይታየኛል፤ አንዱ የእማዬ፣ አንዱ የቀነኒ።

«በላ?» አለች እማዬ በሹክሹክታ።

«ገና ነው አዮ» አለች ቀነኒ። «ዞር እንበልለት።»

እግሮቹ ሄዱ። ሳህኑ በሩ ሥር ተቀምጧል። ጊፍቲና ኬሱማ ጎመናቸውን እያመነዠኩ በአራት ዓይን ያዩኛል። መጠቅለያውን አንገቴ ላይ ጣል አደረግሁና፣ ጀርባዬን ለሁሉም ሰጥቼ በላሁ።